ፍሪዚንግ ብሎ ብርድ

የዛሬ ልጅ መካከለኛ ነገር አያውቅም። ሻዩ ቀዝቀዝ ካለ ፍሪዚንግ ነው፤ ቦርሳዋ ሞላ ካለ ኢኖርመስ ነው፤ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ተራምዳ ስትገባ «ኤግዞስትድ ነኝ» ብላ መደቡ ላይ ትዘረጋለች። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባችውን የልጅ ልጄን ነው የምለው። እኔ በሷ ዕድሜ ስጎለጉል ውዬ ገብቼ «ደከመኝ» ለማለት እንኳ እናቴን እፈራ ነበር።

ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፤ ተምራው ነው። የእንግሊዝ ቅጽል ሁለት ወገን ነው አሉ። አንደኛው ይመዘናል፦ ኮልድ ትንሽም ብዙም ሊሆን ስለሚችል ቬሪ ኮልድ ይባላል። ሁለተኛው ጫፍ የደረሰ ነው፦ ፍሪዚንግ «በጣም»ን በሆዱ ይዞ ስለመጣ ቬሪ አይጨመርበትም። ማጋነን ያማረው አብሶሉትሊ ይበል። ሪሊ የሚሉት ደግሞ እንደ ዕድር ዳኛ ከሁለቱም ወገን ጋር ተስማምቶ ይኖራል። አንድ ቀን «ቬሪ ፍሪዚንግ» ብል «አባባ፣ አይባልም!» ብላ እንግዳ ፊት አረመችኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ብርዴ!

እሺ፣ አይባል። ግን ጫፉን የለካው ማነው? የኛ ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ሣሩ ነጥቶ ያድራል፣ በእንስራ ውጭ የቀረ ውሃ ቆዳ ያበጃል። የልጅቱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የብርድ መጨረሻ ያለው ለኛ የብርድ መነሻ ነው። ቦይሊንግስ ቢሉ? በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ባቄላችን እንጨት ሲፈጅ የሚውለውም ለዚህ ነው። የኛ ቦይሊንግ ከለንደኑ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ስለሚጎድለው፣ ቬሪ ቦይሊንግ ማለት ለወረኢሉ ሰው በልዩ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። እውነተኛውን ቦይሊንግ የፈለገ በመካነ ሰላም አድርጎ ወደ ዓባይ በረሃ ይውረድ፤ እዚያ አብሶሉትሊውንም ያገኘዋል።

ኢኖርመስም ቢሆን ለቦርሳ የሚባክን ቃል አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሰው እንዲከት የታዘዘው እዚሁ ወረኢሉ ላይ ነው። ያን ሁሉ ጦር፣ ያን ሁሉ አጋሰስ ይህች አምባ ተሸክማለች። ለዚያ ይባል፣ አልከፋም። ለደብተር ግን ቢግ ይበቃል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሕጉን ከባሕር ማዶ የመጣ ምሥጢር አድርገው ማስተማራቸው ነው። እኛ መቼ አጣነውና! ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ ይባላል እንጂ በጣም ጢም አለ የሚል አለ? ጨለማው ድቅድቅ ካለ «በጣም»ን የሚፈልገው የለም። ሰውዬው ሙልጭ ያለ ውሸታም ከሆነ አለቀ፤ ሌላ ማጣፈጫ አያሻውም። የአምስት ዓመት ሕፃን ይህን ሳይማር ያውቀዋል። መምህሩ ከዚህ ተነስቶ ወደ ፍሪዚንግ ቢሻገር ልጆቹ በግማሽ ሰዓት ይገባቸው ነበር። እሱ ግን ሠንጠረዥ ይሠራል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል።

ቀላል ነገር ደግሞ አይደለም። ልጅ ስምንት ዓመት በአማርኛ ሲማር ኖሮ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ባድ ነው ወይስ ቴሪብል? የልጅ ልጄን ብጠይቃት «ቴሪብል» አለች። ጎሽ! ጫፍ የደረሰ ቃል የሚወጣው እንዲህ ላለው ነው።

ሌላውን ሁሉ እያጉረመረምኩም ቢሆን እችለዋለሁ። የማልችለው አንድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቁርሷን በልታ፣ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ፣ «አይ አም ስታርቪንግ» አለች። ምነው ብላት የሀንግሪ ጫፍ እሱ ነው አለችኝ። መጽሐፉ ውስጥ ምሳ የዘገየበት ልጅ ነው እንዲህ የሚለው።

አንች ልጅ፣ ያለሽው ወሎ ነው! በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መንግሥት ሲሸፋፍነው የነበረውን የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን ለአገሩ ሰው ሲያሳይ፣ እንግሊዞቹ ያንን ቃል ያገኙት ምሳ ዘግይቶባቸው አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። እኔ ሁለቱንም ክፉ ቀን ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን እዚህ አልዘረዝረውም። የዚህ ቃል ጫፍ የት እንደሆነ ከሠንጠረዥ የሚነግረኝ ግን አልፈልግም።

«ምሳሌ ነው እኮ አባባ» አለች፣ ዳቦውን እያነሳች። ለሷ ምሳሌ መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኛል። ቢሆንም ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ የሷን ያህል ጠግቦ ላይመጣ ይችላል።

እናም የእንግሊዝኛ መምህራን፣ አደራችሁን። ፍሪዚንግን በውርጫችን አስተምሩበት፣ ኢኖርመስን በዓባይ ገደል አስተምሩበት። ስታርቪንግ ላይ ስትደርሱ ግን የዘገየ ምሳውን ትታችሁ ስድሳ ስድስትንና ሰባ ሰባትን ንገሯቸው። ለምሳ ሰዓት ሀንግሪ ይበቃል፤ ካነሰም ቬሪ ጨምሩበት።