የ«በኋላ አስታውሰኝ» ሊቃውንት

አፕዴት የሚጭን ሰው ችኩል ነው፤ የማይጭን ሰው አስተዋይ ነው። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት ስልካቸው በየማታው «አዲስ ማሻሻያ ተዘጋጅቷል» ሲላቸው «በኋላ አስታውሰኝ» የምትለዋን ነካ አድርገው ወደ ጉዳያቸው የሚመለሱት ወገኖቻችን ናቸው። ስልኩ ያስታውሳል፣ እነሱም ይቀጥሩታል፤ ሲቃጠሩ ዓመት ይሞላቸዋል። ትዳር እንኳ ይህን ያህል ትዕግሥት አያገኝም።

«ምን እየጠበቅህ ነው?» የሚል አላዋቂ ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ወዲያው ማስረጃ ይደረደራል። ማስረጃውን አልክድም። አፕል እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2014 አይኦኤስ 8.0.1ን ሲለቅ፣ ፈጥነው የጫኑ የአይፎን 6 ባለቤቶች ኔትወርክ ጠፍቶባቸው መደወል አቅቷቸዋል። ማይክሮሶፍትም በኦክቶበር 2018 ለዊንዶውስ 10 ያወጣው ትልቅ ማሻሻያ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ዶክመንትና ፎቶ ጠራርጎ አጥፍቷል። ሊቃውንቱ ታሪኩን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። የአፕሉ በሰዓት ገደማ ውስጥ ተሰብስቦ በማግሥቱ ተስተካክሏል፤ የማይክሮሶፍቱም ተቋርጦ ኖቬምበር ላይ ታርሞ ወጥቷል። በ2014 የጀመረውን ጥንቃቄ እስከ ዛሬ ያላቋረጠ ሰው ግን ለጽናቱ ሊሸለም ይገባዋል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ቀን ጁላይ 19፣ 2024 ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ገተራቸው፤ በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። «አየህ!» ይሉኛል። አየሁ። ያ ፋይል የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ በራሱ መግባቱንም አየሁ፤ «በኋላ» የምትል ቁልፍ አልነበረችውም። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር ባያያዘው ችግር ምክንያት ሌሊቱን ሰው ከሂሳቡ በላይ ገንዘብ ሲያወጣ ማደሩንም ይጨምሩልኛል። በዚያ ሌሊት ኤቲኤም ጋ የተሰለፈውን ተማሪ ግን «ስልክህን አፕዴት አድርገሃል?» ብሎ የጠየቀው የለም።

አሁን ደግሞ ሊቃውንቱ የማያነሡትን ቀን እኔ ላንሣ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ የተገኘን አደገኛ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው ማርች 14 ቀን 2017 ነው። በነፃ! አስተዋዮች አልቸኮሉም። በወሩ፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በዚያው ቀዳዳ ለመግባት ይጠቀምበት የነበረው መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ ተበተነ። አሁንም አልቸኮሉም። ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ መጣ። ባለቤቱ ምንም ሳይነካ በኔትወርክ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ገብቶ ፋይል እየቆለፈ፣ ለመክፈቻው በቢትኮይን 300 ዶላር ጠየቀ። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 19 ሺህ ያህል የሕክምና ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል፤ አምቡላንሶች ሕመምተኛ ይዘው ሌላ ሆስፒታል ፍለጋ ዞሩ። ማሻሻያው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እዚህ ግን ጅቡም አልሄደም። ዓለም ሁሉ ከጮኸ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጁን 27 ቀን፣ ኖትፔትያ የተባለው ሌላ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ጭምር ተጠቅሞ ተዛመተና ሜርስክን የሚያህል የመርከብ ኩባንያ ሥራ አስቆመ። ዋናክራይን በዜና እያዩ «እስኪ ትንሽ እንየው» ያሉ ነበሩ ማለት ነው። አስተዋይነት እንዲህ ነው እንጂ!

ማሻሻያ በወጣ ቁጥር መግለጫውን ከሁሉ ቀድሞ የሚያነበው ሌባው ነው። የድሮውንና የአዲሱን ሶፍትዌር ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደተለወጠ ይመረምራል፤ የተለወጠው ቦታ ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ያልጫነ ሰው ባለበት ቆየሁ ቢልም ከትናንት የባሰ ላይ ነው። ትናንት ቀዳዳውን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ዛሬ አድራሻው በይፋ ወጥቷል። ሊቃውንታችን ግን ሌባውም እንደነሱ «በኋላ» እንደሚል በጽኑ ያምናሉ።

የፓኬጅ ክርክርም አለ። ዳታ በሜጋባይት እየቆጠረ የሚገዛ ሰው፣ ጊጋባይት የሚበላ ማሻሻያ ቢፈራ አልፈርድበትም። የሚያስቀኝ ሌላው ነው፤ ቲክቶክ ላይ አንዱ ሲጨፍር ሌላው ሲሳደብ ሲያይ አድሮ፣ ጠዋት «አፕዴት እኮ ፓኬጅ ይጨርሳል» የሚለው። ጥቅሉን የበላው የማያውቀው ሰው ሠርግ ነው፤ የተከሰሰው ገና ያልተጫነው ማሻሻያ። «አዲስ እንድንገዛ ስልኩን ሆን ብለው ያዘገዩታል» የሚሉትንስ በከፊል እምራቸዋለሁ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በማሻሻያ ማዘግየቱን በዲሴምበር 2017 አምኖ ይቅርታ ጠይቋል፤ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ብዬ ነው ቢልም። ይህን ክስ አምርረው የሚያነሡልኝ ሰዎች ግን አብዛኞቹ አይፎን የላቸውም።

ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ስንገባ ጥበቡ ወግና ሥርዓት ይዞ እናገኘዋለን። የኮምፒውተር ደኅንነት ፖሊሲው ዊንዶውስ የሚጭነው ልጅ ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ይጭናል፣ አፕዴቱን ያጠፋል፣ «እንዳትነኩት!» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ኮምፒውተር እንደ ታቦት አይነካም። የደመወዝ መክፈያው፣ የደንበኞች ሰነድ፣ የኃላፊው ልጅ የልደት ፎቶ ሁሉ እሱ ላይ ነው። አንድ ቀን እንግዳ ፍላሽ ይሰካበታል፤ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ያድራሉ፤ ልጁ ተጠርቶ ይመጣና ፎርማት ያደርገዋል። አፕዴት ፋይል ያጠፋብናል ብሎ የፈራ መሥሪያ ቤት ፋይሉን ከፍሎ ያስጠፋል ማለት ነው። አፕዴቱም እንደገና ይዘጋል።

አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመባቸው አሮጌ ስልኮች ባለቤቶች ከዚህ ሽሙጥ ነፃ ናቸው። እነሱ ቢጠብቁም የሚመጣላቸው የለም።

መጠበቅ የሚያውቅ ሰውማ አለ። የስልኩን መልክና አሠራር ሁሉ የሚለውጠው ትልቁ ማሻሻያ ሲመጣ ፎቶውንና ሰነዱን ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ቀድመው የጫኑት ምን እንደገጠማቸው ሰምቶ፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጭናል። የደኅንነት ማሻሻያ የሚባለውን ግን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ያን ቀን ማታ ይጨርሰዋል። ጠንቃቃ የሆኑ ድርጅቶችም መጀመሪያ በጥቂት ማሽኖች ሞክረው ነው ለሌላው የሚያዳርሱት። እንዲህ ያለው ሰው ምን እንደሚጠብቅና እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ ሊቃውንቱ ግን «ምን?» ለሚለውም «እስከ መቼ?» ለሚለውም መልሳቸው አንድ ነው፤ «በኋላ»።

እንግዲህ የተከበሩ ሊቅ፣ በጀመሩት ይቀጥሉ፤ እኔ አልጎተጉትዎትም፣ ስልክዎ ይበቃዎታል። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ፍላሽዎን እኔ ኮምፒውተር ላይ እንዳይሰኩብኝ።