ኮምፓይለር የማይደርስበት ኮድ

በሊኑክስ ድራይቨር ሰነድ ውስጥ የተጻፈ የኮድ ምሳሌ የታደለ ነው፤ ኮምፓይለር ደጁን አይረግጥም፣ ለፈተና አይቀርብም፣ ሴሚኮለን ቢጎድለውም ደረቱን ነፍቶ ይኖራል። ዋናው ኮድ ያችኑ ሴሚኮለን ሲረሳ ኮምፓይለሩ አገር ይያዝልኝ ይላል።

ክላስ_ክሪኤት የተባለውን ፈንክሽን እንውሰድ። ለዓመታት የሞጁሉን ባለቤትና አንድ ስም ይቀበል ነበር። በ2023 በወጣው ከርነል 6.4 ላይ ባለቤቱ ተሰናበተ፤ ስም ብቻ በቃው። የከርነሉ ሰዎች የውስጡ ኤፒአይ እንደማይጸና አስቀድመው በጽሑፍ አስታውቀዋል (የጸናው ያ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን አይቀርም)። የድሮውን ምሳሌ አምኖ የቀዳ ጀማሪ ግን «አርጊዩመንት አብዝተሃል» ተብሎ ይባረራል።

ላርም ብለህ ብትነሳስ? አንዲት ቃል ለመሰረዝ ፓች ታዘጋጃለህ፣ ምክንያቱን በአንቀጽ ታብራራለህ፣ «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» ብለህ ትፈርማለህ፤ ከ2004 ወዲህ ያለዚያ ፊርማ የሚያስተናግድህ የለም። ከዚያ መልስ ይመጣል፦ እርማቱ ልክ ነው፣ የርዕሱ መስመር ግን ረዝሟል፤ አሳጥረህ ሁለተኛ ዕትም ላክ። ታሳጥራለህ። አዲስ ከርነል በየዘጠኝና በየአስር ሳምንቱ ስለሚወጣ፣ ፓችህ እስኪገባ ሌላው ፈንክሽን አዲስ ጠባይ አውጥቶ ይጠብቅሃል።