የመጨረሻ ፊደል ስለሚያደርሰው ጉዳት፦ በጃፓን የካራኦኬ ክፍል የዘፈን አመራረጥ ላይ የተደረገ ጥናት

የጃፓንን ዘፈን የመረመሩ ሊቃውንት በዜማው፣ በግጥሙና በድምፃዊው ላይ ሲደክሙ ኖረዋል። ይህ ጥናት የእነርሱን ድካም ሳያቃልል ሦስቱንም ወደ ጎን ያደርጋቸዋል። ዘፈን መመዘን ያለበት በርዕሱ የመጨረሻ ፊደል ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ማስረጃ አንባቢን እዚህ ድምዳሜ ላይ ያደርሰዋል ተብሎ ይታመናል፤ ካላደረሰው ጥፋቱ የፊደሉ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የጥናቱ ዳራ

በ1967 በቶኪዮ ነጊሺ ሺገኢቺ፣ በ1971 ደግሞ በኮቤ ኢኖዌ ዳይሱኬ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ሙዚቃውን የሚጫወትና ዘፈኑን ለደንበኛው የሚተው መሣሪያ ሠሩ። ሁለቱም የፈጠራ መብት አላስመዘገቡም። የሰው ልጅ በባልደረቦቹ ፊት ራሱን የሚያዋርድበትን መሣሪያ ሁለት ሰዎች ፈጥረውት ሁለቱም ለባለቤትነቱ አለመሽቀዳደማቸው ሊደንቀን አይገባም።

ኢኖዌ በመጠጥ ቤቶች ለሚዘፍኑ ደንበኞች ሙዚቃ የሚያጅብ ሰው ነበር። አንድ የድርጅት ኃላፊ ወደ ፍል ውኃ ሲሄድ አብሮት ሄዶ እንዲያጅበው ጠየቀው። ኢኖዌ መሄድ ስላልቻለ አጀባውን በቴፕ ቀርጾ ሰጠው። እንግዲህ ካራኦኬ ከጥንስሱ ለአለቃ የተሠራ ነገር መሆኑን ልብ ይሏል። በ2004 ለኢኖዌ የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው፤ የሽልማቱ ምክንያት ሰዎች እርስ በርስ መቻቻልን የሚማሩበት አዲስ መንገድ ማስገኘቱ ነው። በ1985 በኦካያማ አውራጃ አንድ የዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴነር ወደ መዝፈኛ ክፍልነት ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ መቻቻሉ በአራት ግድግዳ ታጥሮ፣ በታምቡሪን ታጅቦ፣ በሰዓት እየተከፈለበት ይካሄዳል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የግድግዳው ስልክ ይጮኻል፤ ስልኩን ማንሳት የታናሹ ሥራ ነው።

፪. ችግሩ

እስከ 1992 ድረስ ሰው የሚመርጠው ክፍሉ ውስጥ ከተደረደሩት ዲስኮች ነበር። በዚያ ዓመት ዘፈን በስልክ መስመር መላክ ሲጀመር የምርጫው ብዛት ወሰን አጣ፤ መከራውም እንዲሁ። አዲስ የተቀጠረ ወጣት የመምረጫውን ሰሌዳ ሲቀበል የሚያስበው ስለ ዜማ አይደለም። የአለቃውን ዘፈን መንካት ነውር ነው። በጣም አዲስ ቢመርጥ ሽማግሌዎቹ ዝም ይላሉ፤ በጣም አሮጌ ቢመርጥ አቆላማጭ ይባላል። የሐዘን ዘፈን ቢመርጥ የቤቱ ስሜት ይወድቃል፤ አሳምሮ ቢዘፍን ደግሞ አለቃውን በለጠ ማለት ነው። ሰሌዳውን ለጎረቤቱ ያቀብላል። ጎረቤቱም ለጎረቤቱ።

፫. መፍትሔው

ሺሪቶሪ የሚባለው የቃል ቅብብል በጃፓን ማንኛውም ሕፃን የሚያውቀው ጨዋታ ነው። አንዱ ቃል ይጠራል፤ ቀጣዩ ቃሉ ባለቀበት ፊደል የሚጀምር ሌላ ስም ይጠራል። የተጠራ አይደገምም። የጃፓን ቃል በ«ን» ስለማይጀምር፣ በ«ን» የሚያልቅ ቃል የጠራ ይሸነፋል። ፊደላቸው እንደ እኛው እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ የሚይዝ ስለሆነ አማርኛ አንባቢ ሕጉን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ጨዋታው በራሱ ስም ሲከፈት «ሪ» ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎ በልማድ «ሪንጎ» (ፖም)፣ «ጎሪራ» (ጎሬላ)፣ «ራፓ» (መለከት) ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማሰብ የሚጀመረው።

ይህ ጨዋታ በዘፈን ርዕስ ሲደረግ ታላቅ ማኅበራዊ ዕረፍት ይገኛል፤ መራጩ ሰው መሆኑ ይቀርና ፊደል ይሆናል። አለቃው ከጸሐፊዋ ጋር የ1961ን የሁለት ድምፅ ዘፈን «ጊንዛ ኖ ኮይ ኖ ሞኖጋታሪ»ን ይዘፍናል እንበል። ያለቀው በ«ሪ» ነው። ቀጣዩ ተራ የዚያ ዝምተኛ ወጣት ነው፤ የሚያውቀውም በ«ሪ» የሚጀምር አንድ ዘፈን ብቻ ነው፦ የብሉ ሃርትስ የፓንክ ቡድን በ1987 ያወጣው «ሪንዳ ሪንዳ»። ጫማውን አውልቆ ሶፋ ላይ ይዘላል። ማንም አይቆጣውም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚባለው በዚህ ክፍል ለፊደልም ይሠራል።

«ሪንዳ» በ«ዳ» ስለሚያልቅ፣ ቀጣዩ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ እንጨት ላይ ስለተሰኩ ሦስት የሩዝ ድብልብሎች የሚያወራውን የ1999 የልጆች ዘፈን «ዳንጎ ሳንክዮዳይ»ን ለመዝፈን ይገደዳሉ። በሌላ በምንም መንገድ አይገደዱም ነበር።

፬. ግኝት አንድ፦ ስለ «ሩ»

የጥንቱ የጃፓን ቋንቋ ቃልን በ«ረ» ቤት ፊደላት አይጀምርም ነበር። ዛሬ በ«ሩ» የሚጀምሩት ቃላት በአብዛኛው የውጭ አገር ዝርያ አላቸው። በአንጻሩ በ«ሩ» የሚያልቀው ግሥ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የውጭ ቃል በ«ል» ሲያልቅም ጃፓኖች «ሩ» ያደርጉታል። ስለዚህ «ሩ» መውጫው ሰፊ፣ መግቢያው ጠባብ ነው። ክፉ ተጫዋቾች ይህን አውቀው ለተቃዋሚያቸው «ሩ» በ«ሩ» ላይ ይደራርባሉ። ዮአሶቢ የተባሉት ጥንድ ሙዚቀኞች በ2019 «ዮሩ ኒ ካከሩ»ን፣ በ2023 ደግሞ «አይዶሩ»ን አውጥተዋል። ሁለቱም በ«ሩ» ያልቃሉ። ጥናቱ ይህ ሆን ተብሎ ተደርጓል አይልም፤ አልተደረገምም አይልም።

በ«ሩ» የሚጀምር ዘፈን ሲባል ቀድመው ወደ አፍ የሚመጡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ስሙን ከእንግሊዝ፣ ሌላው ከፈረንሳይ የተዋሰ። የመጀመሪያው ተዋናዩ ተራኦ አኪራ የዘፈነውና በ1981 የጃፓን ሪከርድ ሽልማትን ያገኘው «ሩቢ ኖ ዩቢዋ» ነው። ሁለተኛው አራይ ዩሚ በ1975 ያወጣችውና ሚያዛኪ ሃያኦ በ1989 በሠራው የትንሿ ጠንቋይ ፊልም የታወቀው «ሩዡ ኖ ደንጎን» ነው። ይኸኛው በ«ሩ» ጀምሮ በ«ን» ያልቃል። ከ«ሩ» ያመለጠ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ በገዛ አፉ ይሞታል።

ስለዚህ የተራኦ አኪራ ዘፈን የአገር ሀብት ነው። በእርሱ አማካይነት የሚከተለው ጉዞ ተችሏል፦ ኢሺካዋ ሳዩሪ በ1977 የዘፈነችው የሰሜኑ የጹጋሩ ባሕረ ሰርጥ ክረምት («ጹጋሩ ካይክዮ ፉዩገሺኪ»)፣ በዚያው ዓመት ሰን ማሳኦ የዘፈነው የሰሜን አገር ጸደይ («ኪታጉኒ ኖ ሃሩ»)፣ «ሩቢ ኖ ዩቢዋ»፣ ሞሪታካ ቺሳቶ በ1993 በቶቺጊ አውራጃ ስላለ ድልድይ የዘፈነችው «ዋታራሰባሺ»፣ በመጨረሻም የኦኪናዋን ጦርነት የሚያስታውሰው የዘ ቡም ቡድን «ሺማ ኡታ»። ከሰሜን እስከ ደቡብ ደሴቶች፣ ክረምቱም በወጉ ለጸደይ ቦታውን ለቆ፣ በአምስት ዘፈን። በባቡር ከዚህ ይረዝማል፤ መጨረሻውም ባሕር ነው።

፭. ግኝት ሁለት፦ ስለ «ን»

በጃፓን ታሪክ በነጠላ ሪከርድ ደረጃ እጅግ የተሸጠው በ1975 የወጣው «ኦዮገ! ታያኪ ኩን» ነው፤ ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ ቅጂ ተሸጧል። የሚያወራው ከምጣድ አምልጦ ወደ ባሕር ስለገባ፣ ሆዱ በባቄላ ስለተሞላ የዓሣ ቅርጽ ያለው ኬክ ነው። አገሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ማንም ሊዘፍነው አይችልም። በ«ን» ያልቃል። በ2018 ዮነዙ ከንሺ ያወጣው ተወዳጁ «ለሞን» (ሎሚ)ም እንዲሁ።

የኬኩ ጥፋት የራሱ አይደለም። «ታያኪ» ብቻ ቢባል «ኪ» ላይ ቆሞ ሰሜን አገርን ያስገባ ነበር። የገደለው ለወጣት ወንድ የሚቀጠለው «ኩን» ነው። ነገሩ ጠለቅ ብሎ ሲመረመር ለሴት ልጅና ለሕፃን የሚቀጠለው «ቻን»፣ ለማንኛውም ሰው የሚቀጠለው «ሳን»፣ ሦስቱም በ«ን» ያልቃሉ። በአንጻሩ ለከበረ ሰው የሚቀጠለው «ሳማ» እና ለመምህር የሚባለው «ሰንሰይ» በሰላም ያልፋሉ። ስለዚህ ጨዋታው ከአለቃ ነፃ ያወጣል ያልነውን በዚህ አንቀጽ ማሻሻል ግድ ሆኗል፤ ተራው ሰው በስሙ ጭራ ይሸነፋል፣ የከበረው ይቀጥላል።

፮. ልዩ ጉዳይ

ሳካሞቶ ክዩ በ1961 የዘፈነው «ኡኤ ኦ ሙይተ አሩኮኡ» በ1963 በአሜሪካ ሰንጠረዥ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኗል፤ ምዕራባውያን ስሙ ስለከበዳቸው «ሱኪያኪ» በሚል የበሬ ሥጋ ወጥ ስም ጠሩት። ዘፈኑ በጃፓን አጻጻፍ በ«ኡ» ጀምሮ በ«ኡ» ያልቃል። ራሱን በራሱ መቀጠል ይችላል። የተጠራ አይደገምም የሚለው ሕግ ባይኖር ኖሮ አንድ ቡድን በ1985 የገባበት ክፍል ውስጥ እስከ ዛሬ እየዘፈነ በተገኘ ነበር።

፯. ለኢትዮጵያዊው ተመራማሪ

መስኩን ማየት የሚሻ የአገራችን ሰው ኤንካ የሚባሉትን የቆዩ የጃፓን ዘፈኖች ቢመርጥ ይመከራል። ኤንካ የሚገለገልበት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በዓቢዩም በንዑሱም ከትዝታ ቅኝት ጋር ድምፆቹ አንድ ናቸው። ቃሉን ባያውቅ እንኳ ጉሮሮው መንገዱን ያውቃል። ማሽኑ ነጥብ ሲሰጥ የድምፅ መርገብገብንና የጉሮሮ እሽክርክሪትን ለይቶ ስለሚቆጥር ከአዝማሪ ቤት የመጣ ሰው ሊሸለም ይችላል። ማሽኑ ስለ መጨረሻ ፊደል ግን አንዳች ነጥብ አይሰጥም፤ ይህ የዘርፉ ትልቅ ክፍተት ሆኖ ተመዝግቧል።

፰. ምክረ ሐሳብ

ማንኛውም ሰው ክፍሉ ከመግባቱ በፊት አንድ የ«ሩ» ዘፈን በቃሉ ይያዝ፤ የሩዡን ሳይሆን የሩቢውን። የኬኩን ዘፈን የወደደ ወደ ቤት ሲሄድ በመንገድ ይዝፈነው።

የ«ን» ጉዳይ ግን ከጃፓን አቅም በላይ ስለሆነ ዓለም አቀፍ ትብብር ይጠይቃል። በ«ን» ከሚጀምሩ ጥቂት ቃላት መካከል ተጫዋቾች ለነፍሳቸው የሚጠሩት የቻድ ዋና ከተማ የንጃሜናን ስም ነው። ከተማዋ በጃፓን የዘፈን ሰሌዳ ላይ ብትገባ በ«ን» የሚያልቁት ሁሉ፣ ኬኩም ሎሚውም፣ በአንድ ሌሊት ነፃ ይወጣሉ። ለቻድ የዘፈን ደራስያን የቀረበው ጥሪ ይህ ነው፦ አንድ ዘፈን፣ ርዕሱ በ«ንጃሜና» የሚጀምር፣ ዜማው እንደፈለገ። ብቻ በ«ሩ» እንዳያልቅ።