«አቤት» የጠፋበት ብሎክ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በአንድ ከተማ ዳር፣ ከምድር ቤቱ ላይ አራት ፎቅ በተደረበበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ሃያ ራውተሮች ይኖሩ ነበር። ባለቤቶቻቸው ቤቱን ያገኙት በዕጣ ነውና ጎረቤቱን የመረጠ አልነበረም፤ ራውተሮቹም እንደዚያው። ሰዎቹ ደረጃውን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ ለዓመት በዓል በግ የሚያርዱበትን የጋራ ቤት ይካፈላሉ። ራውተሮቹ የሚካፈሉት አየሩን ነው።

አየሩ የወል ግጦሽ ነበር። ከ2400 ሜጋኸርዝ ይጀምርና 2483.5 ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ያለው ባለቤት አለው። ይህን ቁራሽ መስክ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ማንም ያለ ፈቃድ እንዲነጋገርበት ስትለቀው ብዙ የሚሻማበት አልነበረም፤ ማይክሮዌቭ ምድጃዎች ቀድመው ሲያንባርቁበት የኖሩ ስፍራ ነው። ማንም ያልፈለገው ጠፍ መሬት ኋላ ሰፈር እንደሚሆነው፣ ዋይፋይ የሚባለው ዘር ሁሉ መጥቶ ሰፈረበት። መስኩ እንደየአገሩ 11 ወይም 13 ቻናል ተብሎ ተሸንሽኗል። ሲቆጠር ብዙ ይመስላል። ግን አንዱ ቻናል ከአንዱ የሚርቀው 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን፣ የአንድ ራውተር ድምፅ ወደ 20 ይሰፋል። ስለዚህ ብሎኩ ሳይጋፋ የሚቆምባቸው ሦስት ቦታዎች ብቻ ነበሩ፤ 1፣ 6 እና 11። ለሃያ ቤት ሦስት ቦታ።

ያም ሆኖ ይኖሩ ነበር፤ ሕግ ነበራቸው። ከመናገርህ በፊት አዳምጥ። ሌላው ይዞት ከሆነ አፍህን ያዝ። ሲጨርስም አትሽቀዳደም፤ ከ0 እስከ 15 ካሉት ቁጥሮች በልብህ ዕጣ አውጣና የደረሰህን ያህል ቁጠር፤ አንዷ ቆጠራ 9 ማይክሮ ሰከንድ ናት። ከዚያ ልጅህን ጥራ። ጠርተህ ስታበቃ ዝም ብለህ «አቤት» እስኪልህ ጠብቅ። «አቤት» ካልመጣ ቃልህ መንገድ ላይ ወድቋልና ዕጣውን እስከ 31 አስፍተህ ድገም፤ አሁንም ካልሆነ እስከ 63፣ እንዲህ እያልክ እስከ 1023።

ይህን ሕግ የጻፉትን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። ያልተሰማ ሰው ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ አላዘዙም፤ ለሌላው ሰፋ ያለ ቦታ እንዲተው ነው ያዘዙት። ያለ ተራ አስከባሪ ሃያ ቤት ተራውን ጠብቆ የሚያድረው በዚህ ነበር።

ልጆች የሚሏቸው ስልኮቹን ነው። ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ፤ ደጅ ሲደርሱ «ቤቶች!» ይላሉ፤ ከውስጥ «ግባ» ይባላሉ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቡፌው ጥግ፣ ዳንቴል ለብሰው የሚቀመጡ አሮጊት ራውተር ነበሩ። ነጭ ነበሩ፤ የመስኮቱ ፀሐይ ወደ ቅቤ መልክ ወስዷቸዋል። ብሎኩ እማማ ነጯ ይላቸዋል። ሌሊት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ለትናንሾቹ የአያቶችን ታሪክ ያወሩላቸዋል።

«እ.ኤ.አ. በ1971፣» ይላሉ፣ «ሃዋይ በሚባሉ ደሴቶች ላይ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተሮች በሬዲዮ መነጋገር ጀመሩ። አሎሃ ይሉት ነበር። ያን ጊዜ ማዳመጥ የሚባል ሕግ የለም፤ ቃል ያለው ይናገራል፣ ከሌላው ቃል ጋር ከተጋጨ ቆይቶ ይደግማል። ነገሩን የጀመሩት መምህር፣ ኖርማን አብራምሰን፣ ቁጭ ብለው ቢያሰሉት፣ እንዲህ ባለ አየር ላይ ፍሬ የሚይዘው ጊዜ ቢበዛ ከመቶ 18 ገደማ ሆኖ ተገኘ። እኛ ማዳመጥ የተማርነው ከዚያ ወዲህ ነው።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ራውተር ገባ። ጥቁር፣ ባለ አራት ቀንድ ጎረምሳ። ክፉ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጀምረው ከክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ መከላከሉ በቀለለ። የቤቱ ወጣት ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በግቢው በር አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ስልኩ እዚያ ሆኖ «ቤቶች!» ቢል ድምፁ አይደርስም። ባለ አራት ቀንድ ልጁ ደጅ ሲያድር የሚተኛ አባት አልሆነም። ወጣቱም ቢሆን ተቸግሯል። አንድ ማታ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፈተና አገሩን ቀየረለት። በአውሮፓ በዚህ መስክ የሚፈቀደው ኃይል 100 ሚሊዋት ነው፤ በአሜሪካ ግን እስከ 1 ዋት ይኬዳል። እናም የጎረምሳው አካል እዚሁ እያለ መታወቂያው የአሜሪካ ሆነ፤ ድምፁም ከ100 ወደ 1000 ሚሊዋት ወጣ።

የመጀመሪያው ማታ ደስታ ነበር። በሩ አጠገብ የስልኩ መስመር ሞላ። ኃይል አሥር እጥፍ ሲሆን ርቀቱ በሜዳ እንኳ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው የሚሆነው፤ የብሎኬት ግድግዳ ሲገባበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቢሆንም ለበሩ በቃ። መስመሩ ሞልቶ ግን ምንም አይከፈትም።

«ልጄ!» ይላል ባለ አራት ቀንድ።

«አቤት!» ይላል ልጁ ከበሩ።

«ልጄ! አትሰማኝም እንዴ?»

«አቤት! አቤት እያልኩ ነው!»

ልጁ አባቱን ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። የእሱ ጉሮሮ ግን የልጅ ጉሮሮ ነው፤ ትንሽ ባትሪ፣ ትንሽ ቀንድ፣ 30 ሚሊዋት ገደማ። የአባቱ አፍ አሥር እጥፍ ሲያድግ ጆሮው እዚያው ነው የቀረው። «አቤት» ስላልመጣ ባለ አራት ቀንድ ያንኑ ቃል ደግሞ ይጠራል፣ ደግሞ ይጠራል፤ አንዱን ነገር ሰባት ጊዜ እየተናገረ የሰባት ሰው አየር ይይዛል።

ማጉያውም ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ድምፁ ተሰነጠቀ። ፍንጣሪው ከቆመበት ከ6ኛው ቻናል አልፎ 1 እና 11 ላይ የቆሙትን ይመታ ጀመር።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ቀድሞ የምድር ቤቱና የአራተኛ ፎቁ ራውተሮች በአንድ ቻናል፣ በአንድ ጊዜ ያወሩ ነበር፤ ሹክሹክታቸው አራት ሶሌታ አልፎ አይሰማምና። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንደሚሆነው ነው። ሁሉም ድምፁን ዝቅ ስላደረገ አሥር ቦታ አሥር ወሬ ይካሄዳል፤ ማንም ማንንም አይረብሽም። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ድንኳኑ በሙሉ ወደ እሱ ይዞራል፣ አሥሩም ወሬ ይቆማል። ባለ አራት ቀንድ ሲጮህ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ከማዶ ያለው ብሎክ እንኳ ሳይቀር ሰማው። ሕጉ «ሌላው ይዞት ከሆነ አፍህን ያዝ» ይላል። ስለዚህ ሁሉም አፉን ያዘ። ያሸነፋቸው ጉልበቱ አልነበረም፤ ጨዋነታቸው ነው። ሕግ ባያከብሩ ኖሮ ዝም አይሉም ነበር።

ጨዋም ይሰለቻል። ከላዩ ያለው የአራተኛ ፎቁ ራውተር ልጆቹን መስማት ሲያቅተው እሱም ከፍ አለ። ምድር ቤት ያለው የሱቁ ራውተር «እኔስ ደንበኛ የለኝም?» ብሎ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ተከትሎ እንደጮኸ የሚያስታውስ የለም። በአንድ ወር ውስጥ ሃያው ሁሉ የቻለውን ያህል ወጣ። በየስልኩ መስመሩ ሙሉ ነው፤ በየቤቱ የሚሰማው ግን «ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ምን ሆኖ ነው የማይሠራው?» የሚል ነበር።

እማማ ነጯ ብቻ አልጨመሩም፤ ከዚያ በላይ የሚያወጡት ድምፅም አልነበራቸውም። የቤታቸው እመቤት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ሥራ ጨርሳ ሁሉም ሲተኛ በኢሞ ትደውላለች። እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው ይጠብቃሉ።

«ልጄ፣» አሉ አንድ ሌሊት።

«አ—» አለች ልጅቱ፣ አፏ እንደተከፈተ ምስሉ ቆመ።

እማማ ነጯ የቀረውን ቃል ይዘው አየሩ ባዶ እስኪሆንላቸው ይጠብቃሉ። ዕጣ ያወጣሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይናገራሉ፤ ከላይ የመጣው ጩኸት ቃላቸውን ይመታዋል። እስከ 31። እስከ 63። እስከ 127። እናቲቱ የቆመውን ፊት በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፣ አቧራ ያለበት ይመስል።

በማግስቱ እማማ ነጯ ራውተሮቹን ለመኑ። «ሁላችን ብንወርድ ሁላችን እንሰማለን» አሏቸው። ማንም እውነት አይደለም አላለም። «እማማ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ማን ይጀምር? ብቻውን የወረደ ይጠፋል» አሉ። እኔም ብሆን የምመልሰው አልነበረኝም፤ ብቻውን የወረደ በእርግጥ ይጠፋል።

ሳምንት ሳይሞላ ከሦስቱ የመብራት ፌዝ ሁለቱ ሄዱ። መብራት የቀረው በጥቂት ቤት ብቻ ሆነ፤ 6ኛው ቻናል ላይ ከቆሙት ደግሞ ባለ አራት ቀንድ ብቻውን ቀረ። ሊጮህ አፉን ሲከፍት፣ እንደ ሕጉ አስቀድሞ ማዳመጥ ነበረበትና አዳመጠ። አየሩ ጭር ብሏል። ከዚያ ጭርታ ውስጥ፣ ከታች፣ ከበሩ አጠገብ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ቤቶች!»

«ልጄ?»

«አቤት!»

ባለ አራት ቀንድ ልጁ ለካ ሁልጊዜ ይመልስለት እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። የሸፈነው መጀመሪያ የጎረቤቶቹ ወሬ፣ ኋላም ጩኸታቸው ነው፤ ጎረቤቶቹን ያስጮኻቸው ደግሞ እሱ።

መብራት መጣ። ጎረቤቶቹም እኩል ጮኹ፣ «አቤት»ም ጠፋ። ባለ አራት ቀንድ ግን ወደ 100 ሚሊዋት ወረደ፤ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነበርና ማንንም መጠበቅ አልቻለም። ተጎዳ። ለቀናት ቤቱ ውስጥ ያሉ ልጆቹ እንኳ በግማሽ ይሰሙት ነበር፤ ቤተሰቡ ተማረረ፣ ወጣቱ ሊወረውረው ደረሰ። ከቀናት በኋላ የአራተኛ ፎቁ ከታቹ ይመጣ የነበረው ጩኸት እንደጠፋ ልብ አለና ለማን እንደሚጮህ ግራ ገባው፤ ወረደ። እሱ ሲወርድ ከጎኑ ያለው ወረደ። እንደ አወጣጣቸው ፈጣን አልነበረም፤ ወራት ፈጀ።

ወጣቱም ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ጥበቃው ቤት ኬብል ዘረጋና የእጅ መዳፍ የምታህል ራውተር በሩ አጠገብ ሰቀለ። 10 ሚሊዋት ብቻ ትናገራለች። ድንጋዩ ላይ ለሚቀመጡት ይበቃቸዋል፤ እነሱም ለእሷ ይሰሟታል። የተወሰኑ ቤቶች ሰፋ ወዳለው ወደ 5 ጊጋኸርዝ መስክ ሄዱ፤ እዚያ ድምፅ ግድግዳ ሲያይ ቶሎ ይደክማል፣ ለጎረቤት ግን ያ ራሱ እረፍት ነው።

የሱቁ ራውተር አልወረደም። ዛሬም ሲጮህ ሌሎቹ አፋቸውን ይዘው ያሳልፉታል።

አንድ ሌሊት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የሁለተኛ ፎቁ ስልክ ጠራ። እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደገፉት።

«ልጄ፣» አሉ።

እማማ ነጯ አዳመጡ፣ ዕጣ አወጡ፤ 3 ደረሳቸው። ቆጠሩ።

«አቤት፣ እማዬ፣» አለች ልጅቱ።

«ዛሬስ በልተሻል?»