ድምፁ እንደ ካሴቱ አይደለም

አሁንስ ሰለቸን። ባኮ ላይ ዋናው መንገድ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ቁጭ በሉ፤ አንድ አንጋፋ ድምፃዊ መድረክ በወጣ ማግስት የምትሰሙት ወሬ አንድ ነው። ስልኩን ከፍቶ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ያየ ሁሉ የሙዚቃ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። «ድምፁ እኮ አልቋል» ይላል አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ። «አንተ በሰማንያ ዓመትህ እንኳን ልትዘፍን ከአልጋህም አትወርድ» ይለዋል ሌላው። ሦስተኛው «በክብሩ ቤቱ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?» ብሎ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ ዘፈኑን የሚያስታውሰው የለም፤ ሁለት ጎራ ተለይቶ ጭቅጭቅ ነው። ሒሳብ እስኪመጣ ድረስ አያልቅም፤ ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ዳኞቹ ሁሉ ስልክ ይደወልላቸዋል።

በጥር 2017 ማህሙድ አህመድ በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ የሆነው ይኸው ነው። ሰውየው 83 ዓመቱ ነበር። ጫማ እየጠረገ ያደገ የመርካቶ ልጅ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ መደበኛዎቹ ድምፃውያን በቀሩበት አንድ ምሽት «እስቲ እኔ ልሞክር» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያም ክቡር ዘበኛ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ስልሳ ዓመት አካባቢ ዘፈነ። ይህን ሁሉ ዘፍኖ ሊሰናበት ለቆመ ሰው እኛ የመለስንለት «ያንን ከፍታ ላይ ያለውን ቦታ ዘለለው እኮ» የሚል ነው። ይዝለለዋ! ከመካከላችን ሰማንያ ዓመት ሞልቶት የባኮን ዳገት ሳያርፍ የሚወጣ ስንቱ ነው?

የሚያናድደኝ ትችቱ ብቻ አይደለም፤ መለኪያው ነው። እኛ ምዕራብ ሸዋ ያለን ሰዎች እነዚህን ዘፋኞች ያወቅናቸው በሬዲዮና በካሴት ነው። ካሴቱም ቢሆን ዋናው እኛ ጋ አይደርስም፤ የሚደርሰን የቅጂ ቅጂ ነበር። ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ ክራሩም ሳክስፎኑም አንድ ላይ ያቃስታሉ። ያኔ ድንጋዮቹን አውጥተን ግንብ ላይ ፀሐይ እናሞቃቸዋለን፤ ማታ ጥቂት ነፍስ ይዘራሉ፤ ሁለት ዘፈን ያስጨርሱና መልሰው ይሞታሉ። ክሩ ተጎልጉሎ ሲወጣ እስክሪብቶ ከትተን እናጠነጥናለን፤ ከተበጠሰም በፕላስተር ይጣበቅና መሐል ላይ አንድ ስንኝ ጎድሎ ይቀጥላል። እስከ ዛሬ ያ ስንኝ መኖሩን የማያውቅ ሰው አለ። ታዲያ ያን ጊዜ «ድምፁ አልቋል» ያለ አንድ ሰው ላገኝ አልቻልኩም። ለሞተ ድንጋይ ትዕግሥት የነበረን ሰዎች ነን ዛሬ ዘፋኙ ራሱ ኪዩን ትንሽ ዝቅ ስላደረገ ብራችን ይመለስ የምንለው። የሰማንያ ዓመቱ ሰውዬ የቆመው ከራሱ ካሴት ጋር ሊፎካከር ነው፤ ካሴቱ ደግሞ ጉንፋን አይይዘውም።

1933 መቼም ጉድ ያለበት ዓመት ነው። ጥላሁን ገሠሠ በመስከረም፣ ማህሙድ በሚያዝያ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በሰኔ፣ ሦስቱም የዚያ ዓመት ልጆች ናቸው። ባሕር ማዶ ቦብ ዲለንም በእኛ አቆጣጠር በዚያው በ1933 ግንቦት ላይ ነው የተወለደው። ዲለን አድማጩ ካሴት ካሴት እንዳይለው ይመስላል፣ ዘፈኑን እየገለባበጠ መሐል እስኪደርስ ድረስ የትኛው እንደሆነ እንዳይታወቅ አድርጎ ይዘፍነዋል። እዚያም ከአዳራሽ ሲወጡ የሚያጉረመርሙ ሞልተዋል። ኦዚ ኦዝበርን ደግሞ ሰኔ 28 ቀን 2017 በተወለደበት በበርሚንግሃም ዙፋን በመሰለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተሰናበተና ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። ባረፈ ማግስት ያ ወንበር ለሁሉም ግርማ ሆነ። ሰው ሲሞት ድምፁ ይስተካከላል መሰለኝ።

እኛ ጋም ያው ነው። ጥላሁን የወሊሶ እድገት ነው፤ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ አባቶቻችን እንደ ዘመድ ነው የሚያወሩት። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር አለቀሰ። በሕይወት ሳለ በስኳር በሽታ እየታመመ ሲዘፍን «አሁንስ ቢበቃው» ሲሉ የነበሩት ናቸው በቀብሩ ሰሞን የቡና ቤቱን ቴፕ እስከ መጨረሻው ከፍተው ያስለቀሱን። ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ሲያርፍም እንደዚሁ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ የዘፈነ ሰው ነው፤ እዚህ ባኮ ሠርግ ላይ ዘፈኑ ሳይነሳ አይመሽም። እሱንም «የድሮው ዓሊ ይሻላል» ሲሉት ሰምቻለሁ። የድሮው ዓሊ የሚባለው ሰው የት እንደሚኖር አድራሻውን ቢነግሩኝ ሄጄ እጠይቀው ነበር።

ገበሬውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። የባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣው ቢኤች 660 የሚባል በቆሎ አለ፤ «ቢ»ዋ ባኮ ናት። አዲሱ ቢኤች 661 ከመጣ ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም «እንደ 660 ያለ የለም» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ልዩነቱ፣ ሽማግሌው በቆሎውን አጎንብሶ አይሰድበውም።

ሁለተኛው ጎራ ደግሞ አለ፤ «ቆሞ ማየቱ ይበቃኛል» የሚለው። መጀመሪያ ላይ እነዚህን እወዳቸው ነበር። እያደር ግን ከተቺዎቹ የባሱ ሆነው አገኘኋቸው፤ ቆሞ ማየቱ ስለሚበቃቸው መስማት የለም። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ጩኸቱ ጣሪያ ይነካል፤ ሲዘፍን እነሱ ከእሱ በላይ ይዘፍናሉ፤ ስልካቸውን እንደ ጧፍ አንስተው ዓይናቸው ከስክሪኑ አይወጣም፤ ከኋላ ያለነው የምናየው የሰው ክንድ ነው። አረፍ ለማለት ቃል ሲጎድለው እንኳ «ረስተሃታል!» ብለው ቀልበው ይጨርሱለታል። በቪዲዮው ላይ በኋላ የሚሰማው የእነሱ ድምፅ ነው። ከዚያ ያንን ቪዲዮ የመጀመሪያው ጎራ ያየውና «ድምፁ አልቋል» ይላል። እንግዲህ የማን ድምፅ እንዳለቀ እግዜር ይወቀው።

ሥነ ሥርዓቱስ? አንጋፋ ሰው መድረክ ላይ ወጣ ማለት ለእኛ ካባ ማልበሻ ማለት ነው። የክብር እንግዳ ይጠራል፣ የክብር እንግዳው የክብር እንግዳ ይጠራል፣ ስፖንሰሩ ንግግር ያደርጋል፣ ሥዕል ይበረከታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ «አንድ ጊዜ ወደዚህ» ይባላል። ሽማግሌው በዚያ ሁሉ መብራት ሥር ቆሞ ላቡ ይወርዳል። ወንበር ያመጣለት የለም። ስድስት ኪሎ የሚሆን ካባ ካሸከሙት በኋላ «እስኪ አንዱን ሞቅ ያለ!» ይሉታል።

ካባው ያልደረሰበት ሌላው ጣጣ ሰዓት ነው። ቲኬቱ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት የተባለው ሦስት ሰዓት ላይ ዲጄ ይጀምራል፣ ከዲጄው ቀጥሎ ወጣቶች ይመጣሉ፣ ዋናው ባለቤት የሚወጣው የሰው ልጅ ሁሉ ሊተኛ ሲገባው ነው። እድሜውን በሙሉ በማታ የሠራ ሰው ነው ይሉኛል፤ አዎ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ። ለእኛ ለባኮዎች ደግሞ ነገሩ እጥፍ ነው። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንርቃለን፤ በጌዶ፣ በአምቦ፣ በጊንጪ አድርገን ገብተን፣ ማታ መንገድ ስለማይኬድ አድረን፣ የአልጋ ከፍለን የምንሰማው ባስ ነው። ባሱ ደረት ይመታል፣ ኪቦርዱ ጆሮ ይበሳል፣ ልንሰማው የመጣነው ድምፅ ግን ከጉድጓድ ውስጥ ይመስል ከታች ይመጣል። አንዴ ከጎኔ የቆሙ እናት «ልጄ፣ ሰውዬው አጠገብ ያለው ማሽን አይጠፋም?» ብለው ጠየቁኝ። ሳውንዱን የያዘው ልጅ ጋ ሄጄ ድምፁን ከፍ አድርግልን ብለው ባሱን ጨመረልኝ። በማግስቱ የተወቀሰው ግን ዘፋኙ ነው፤ ልጁን የሚያውቀው የለም።

ለካሴት እስረኛ ያልሆነ አድማጭ ምን እንደሚመስል ያየሁት በኃይሉ መርጊያ ነው። ዋልያስ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ የተጫወተው ሰው ዋሽንግተን ላይ ብዙ ዘመን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ደንበኛ እየጠበቀ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ስልሳዎቹን ካጋመሰ በኋላ የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ መድረክ ላይ ተመለሰ። ሊሰሙት የሚመጡት የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች እናቶቻቸው በዚያ ዘፈን አልተዳሩበትም፣ ፍቅረኛ አልሸኙበትም፣ ስለዚህ ፊታቸው ያለውን ነው የሚሰሙት። እኛ ግን ቲኬት ስንቆርጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍላችንን ጭምር የገዛን ይመስለናል። ዘፋኙ ያንን ሊመልስልን ሳይችል ሲቀር አለቀ እንለዋለን፤ ፀጉሩን ያጣው እሱ ብቻ ይመስል።

አምቦ ላይ ይህን ወሬ አንስቼ አፌን ያዘጉኝ ቀን አለ። «የእኛ ሰው ድምፁ ቢያረጅ በወደድን» አሉኝ። ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ሲገደል ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። እሱን በሰባ ዓመቱ ኪይ ዝቅ አድርጎ ሲዘፍን አይቶ የሚያጉረመርም ሰው አምቦ ላይ አይኖርም፤ ዕድሉን የሰጠን የለም። ከዚያ ወዲህ ቡና ቤት ውስጥ «በክብሩ ቤቱ ይቀመጥ» የሚለውን ሰው ስሰማ ሒሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ፤ የእሱንም ጨምሬ የከፈልኩበት ጊዜ አለ።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በተባለው ሰዓት ይጀመር። መድረኩ ላይ ወንበር ይኑር፤ የፈለገ ይቀመጥበታል። ካባው ቀን ቤቱ ይላክለት። ሳውንዱን የያዘው ልጅ ባሱን ይቀንስ። ከፊት ያለውን ጠረጴዛ ቪአይፒ ብለው ለማያውቁት ልጆች ከሚሸጡት፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ያረጁትን ሁለት ሦስት ረድፍ ላይ ያስቀምጡልን፤ እኛ እንኳን ልንጮህ፣ እግራችን ካልደነዘዘ አንነሳም። ይህን ለአንድ አዘጋጅ በስልክ ብነግረው «አባባ፣ ሐሳቡ አሪፍ ነው» ብሎኝ በዚያው የቪአይፒ ቲኬት ሊሸጥልኝ ጀመረ።