«ጡረተ ጠቢብ» በመካነ ሰላምና አካባቢው፦ የመስክ ምልከታ

የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ የጡረታ መውጫ ዕድሜን 60 ዓመት አድርጎ ሲደነግግ፣ ድንጋጌው በሀገሪቱ ኪነ ጥበብ ላይ ስለሚያስከትለው ነገር አንድም አንቀጽ አላሰፈረም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት ተዘጋጅቷል። የጥናቱ ክልል ከአቀስታ ብርድ ተነስቶ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው፤ ለጋምቦን፣ ቦረናን፣ ሳይንትንና ወግዲን ይጨምራል። የጥናቱ ተተኳሪ ደግሞ እስከ ትናንት የግብርና ባለሙያ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ወይም የባዮሎጂ መምህር የነበረ፣ ዛሬ ግን በረንዳው ላይ ችፑድ አቁሞ የሚሥል፣ ክራር የሚቃኝ ወይም ግጥም የሚጽፍ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ለአሠራር እንዲመች «ጡረተ ጠቢብ» ይባላል።

ናሙናው የተመረጠው ቡና በመጋበዝ ነው። የጽሑፍ መጠይቅ ለዚህ ዝርያ አይሠራም። ጡረተ ጠቢብ መጠይቅ ሲሰጠው መጀመሪያ ቁጥርና ቀን እንደሌለው ያመለክታል፤ ማኅተሙ የት እንዳለ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ሞልቶ ሲመልስ ቅጂ ያስቀራል። በቡና ግን ነገሩ ቀላል ነው። አቦል ላይ ስለ ጡረታ ክፍያው ያማርራል፤ ቶና ላይ ስለ ልጆቹ ያወራል፤ በረካ ላይ ተነስቶ ወደ ጓዳ ይገባና ሥዕሉን በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ይዞ ይመጣል። በረካን ሳይጠጣ የሄደ ተመራማሪ ያገኘው መረጃ ስለ ደመወዝ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው በቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ «እኔ የምለው፣ ያ የማካሮኒ ካርቶን የት ገባ?» ብላ ከጠየቀች ሂደቱ ተጀምሯል። ቀጥሎ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የበር ቀለም በትንሽ በትንሽ ቆርቆሮ ይመጣል፤ ማቅጠኛው አኳራጅ ነው፤ የሚሣልበት አቡጀዲ፣ አቡጀዲው ካልተገኘ ችፑድ፣ ችፑዱ ካልተገኘ የጠፋው ካርቶን ነው። ቀለሙ ለበር የተሠራ በመሆኑ በአካባቢው ሥዕሎች ሁሉ ላይ ያለው ሣር የቆርቆሮ በር አረንጓዴ ነው። ጎረቤት ሽታው ሲደርሰው ቤት እየታደሰ ይመስለዋል፤ ለምርቃት የሚጠራበትንም ቀን መጠበቅ ይጀምራል።

የሚሣለው ነገር ብዙ ጥናት አይጠይቅም። አንድ ጎጆ፣ ሁለት ተራራ፣ በተራሮቹ መካከል ጮራዋን የዘረጋች ፀሐይ፣ እንስራ ያዘለች ሴት። ክረምቱን ሙሉ ጉም ከደጃፉ የማይለቀው ሰው ይህችን ፀሐይ ከየት አገኛት ቢባል፣ መልሱ ግድግዳው ላይ ነው፤ ከዓመት መቁጠሪያ ነው የተቀዳችው። እዚህ ላይ ከውጭው ዓለም ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሩሶ የፓሪስ ኬላ ቀራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893፣ በ49 ዓመቱ ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጠ። ከፈረንሳይ ሳይወጣ፣ ፓሪስ ባለው የዕፅዋት መናፈሻ እየተመላለሰ፣ አንበሳና ነብር የሚርመሰመስበትን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሣለ። የእኛ ሰው ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቅ እውነተኛ ጫካ አለው፤ ደንቆሮ፣ ማለትም የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ። አስታው፣ ጅብራው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው እዚያ ናቸው። እርሱ ግን የሚሥለው ከመቁጠሪያው ነው። አልፎ አልፎ ደፍሮ ቀይ ቀበሮ ከሣለም ቀበሮዋ ፊት ለፊት ቀጥ ብላ፣ ሁለት ጆሮዋ እኩል እየታየ፣ ሳትስቅ ትቆማለች። ተመራማሪው ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደበትም፤ ሠዓሊው 31 ዓመት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ጉርድ ፎቶ ከፋይል ጋር ሲያያይዝ የኖረ ሰው ነው። በባዮሎጂ መምህራን ዘንድ ደግሞ ተራሮች ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው፣ ግራው ከቀኙ ትንሽ አንሶ ይታያሉ። ሳንባ ነው። ለትምህርት መርጃ ሲሥሉት የኖሩት ሳንባ።

ገጣሚው ክፍል በጽሑፍ ቅርጹ ይታወቃል። ለዚህ ጥናት ከቀረቡት ግጥሞች አንዱ በራስጌው ቀኝ ጥግ ላይ ቁጥርና ቀን አለው፤ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ ናፍቆትን ስለመግለጽ» ይላል፤ ዐሥራ ስድስት ስንኝ በሥርዓት ይከተላል፤ መጨረሻው ላይ «ከሠላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ከዚያም በግራ በኩል «ግልባጭ፦ ለታላቋ ልጄ፣ አዲስ አበባ»። የናፍቆቱ ባለቤት ማን እንደሆነች ግልባጩ አይናገርም። ገጣሚው ተጠይቀው «በሚመለከተው አካል የታወቀ ነው» ብለዋል።

ስለ ክራር ተጫዋቾች ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ከሁለት ቤት ርቀት ላይ ሆኖ ማጥናት ይቻላል። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ የወሎ ስም የያዙ ስለሆኑ የአካባቢው ጡረተኛ እነዚህን እንደ ርስት ይቆጥራቸዋል፤ ሳይቃኝም ይጫወታቸዋል።

ዝርያው ከየት መጣ? እዚህ ላይ የታሪክ ማስረጃው ግልጽ ነው። ዛሬ 60ን የሞላ ሰው በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ለአቅመ መፈክር የደረሰ ልጅ ነበር። መካነ ሰላም ያኔ የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ናት። ቀበሌው ኪነት አለው፣ አውራጃው ኪነት አለው፣ ደሴ ላይ ደግሞ የላሊበላ የኪነት ቡድን አለ፤ ከበሮ የያዘ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ላሊበላ ይወስደኛል ብሎ ያድራል። እጁ የሚሥል ልጅ በቀይ አቡጀዲ ላይ ማጭድና መዶሻ ይሥላል። ከ1983 በኋላ ያው ልጅ፣ አሁን የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ፣ ለበዓል ሰሌዳ ሲታዘዝ ንብ ሥሏል። የንቧ ክንፍ ከማጭዱ ጋር አንድ ዓይነት ጥምዝ እንዳለው ያስተዋለ የበላይ ኃላፊ አልነበረም።

ታዲያ ለምን ሠላሳ ዓመት ተወው? የመጀመሪያው ንድፈ ሐሳብ «ጊዜ አጥቶ ነው» የሚል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስለተቀመጠ ሰው የቀረበ በመሆኑ ተመራማሪው ሊቀበለው አልቻለም። ሁለተኛው «ተሰጥኦው ዘግይቶ ነው የመጣው» ይላል፤ ይህንንም የማጭዱ ጥምዝ ያፈርሰዋል። ሦስተኛው፣ ይህ ጥናት የሚደግፈው፣ የከልካይ ንድፈ ሐሳብ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም» አሉ። ሥራ ሲይዝ አለቃው ደብተሩ ጠርዝ ላይ የተሣለውን የራሱን አፍንጫ አይቶ ከደረጃ ዕድገት አዘገየው። ሲያገባ አማቹ «የወር ደመወዝተኛ ነው» ተብለው ነው ልጃቸውን የሰጡት። 60 ዓመት ሲሞላ አባት የሉም፣ አማች የሉም፣ አለቃውም ራሱ ጡረታ ወጥቶ ምናልባት ሦስተኛው ቤት ውስጥ ክራር እየቃኘ ነው። የጡረታ ክፍያ ጣሪያ ከደመወዙ 70 በመቶ ነው፤ የቀረው 30 ያለ ከልካይ መኖር እንደሆነ ብዙ ተጠያቂዎች ተስማምተዋል።

ንድፈ ሐሳቡን በታላላቆቹ ላይ ብንሞክረው ይይዛል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ለንደን ሄደው ሙዚቃ ለመማር ፈቃድ ተነፈጋቸው፤ ፒያኖውን ትተው እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ግሸን ማርያም ገቡና ወደ ዐሥር ዓመት በባዶ እግራቸው ኖሩ። ከዚያ ተመለሱበት፤ ሸክላቸውም ወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም ያውቃቸው ነበር። ኃይሉ መርጊያን የከለከለው አባትም አለቃም አይደለም፣ የቤት ኪራይ ነው። የዋሊያስ ባንዱ ሰው ዋሺንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም እጁ አልዛገም። ግርማ በየነም አሜሪካ ነዳጅ ማደያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በአዲስ አልበም ተመልሷል። ከዓባይ ማዶ፣ የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ተወልደው፣ በጣልያን ታስረው፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ነው ያሳተሙት። የማይገጥመው አንድ ሰው አፈወርቅ ተክሌ ነው፤ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ሲሆን፣ ገና ሳይጀምረው ተወውና ሥዕል ተማረ። ጡረታን አልጠበቀም። ከናሙናው ወጥቷል።

አንድ ንዑስ ዝርያ ለብቻው መታየት አለበት፤ የቤተ ክህነቱ። በሳይንት በኩል ተድባበ ማርያም ያለችበት ሀገር ነውና ቁም ጽሕፈት የተማረ ልጅ ጥቂት አልነበረም። ከእነርሱ ከፊሉ ኋላ ፍርድ ቤት ገብቶ ጸሐፊ ሆነ፤ የይግባኝ ማመልከቻ እንደ ዳዊት ተውቦ የሚጻፍበት ዘመን በእነርሱ ነው የመጣው። ጡረታ ሲወጡ የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ከመቃ ብርዕ ቀርጸው ይቀመጣሉ። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሆኖም ፊደሉ ላይ ሲደርስ ይረጋል። ይህን ያየ ተመራማሪ የሽሙጥ ማስታወሻውን ለጊዜው አጥፏል።

አሁን ወደ ግኝቱ። አብዛኛው ሥዕል ጥሩ አይደለም፤ በጥናት ስም መሸሸግ አይገባም። ፀሐይዋ ትበዛለች፤ እንስራዋ ከሴትዮዋ ትበልጣለች። ነገር ግን በአንድ ቤት፣ በረካው ካለቀ በኋላ፣ የቀድሞው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን አወጡ። የማካሮኒው ካርቶን ነው። ላዩ ላይ የሣሉት የራሳቸውን መዝገብ ቤት ነው፦ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ፣ በሲባጎ የታሰሩ ዶሴዎች፤ አንዱ ዶሴ ሲባጎው ላልቶ ወረቀቱ ምላሱን አውጥቷል፤ ከጠባቧ መስኮት የገባ ብርሃን አቧራውን እያሳየ የብረት ወንበሩ ላይ ያርፋል፤ ወንበሩ ላይ የተጣጠፈ ጋቢ አለ፣ የቦታው ብርድ የሚታወቅበት። አረንጓዴ የለም። ሰውየው ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ ያዩትን ነገር ነው የሣሉት፤ አንድም መስመር ከመቁጠሪያ አልተቀዳም። በክልሉ ከታዩት ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያክል አልተገኘም።

ለምን ሳሎን እንዳልተሰቀለ ሲጠየቁ «ይሄማ ሥራ ነው እንጂ ሥዕል አይደለም» አሉ። ሳሎን ላይ፣ ከልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ ጎን፣ ጎጆውና ፀሐይዋ ተሰቅለዋል። ሩሶም የሚሠራበትን የመሰለ ኬላ ሥሎ እንደነበር ተነገራቸው። «ለመሆኑ አለቃው ፈቅዶለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

በመጨረሻ ስለ አዲሶቹ ከልካዮች። እነዚህ በስልክ ነው የሚመጡት። ከአዲስ አበባ «አባዬ፣ የአኳራጁ ሽታ ለሳንባህ አይሆንም» ይላሉ፤ ከዋሺንግተን «አባዬ፣ አሁንማ ዕረፍ እንጂ» ይላሉ፤ ለበዓል ሲመጡ የስኳር መለኪያ፣ የግፊት መለኪያና አራት ካልሲ ይዘው ይመጣሉ። ጥናቱ የሚያቀርበው ምክረ ሐሳብ ለእነርሱ ነው። ቀለም መካነ ሰላም አለ፤ የቸገረው ብሩሽ ነው፤ በበር ብሩሽ ሲባጎ መሣል ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ከካልሲው አንዱን ቀንሳችሁ ሦስት ቀጫጭን ብሩሽ ጨምሩ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጡ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ተማሪዎችም ከግቢያቸው በር ብዙ መራቅ አይጠበቅባቸውም። ሁላችሁም ቤቱ ስትገቡ ግን ሳሎን የተሰቀለውን በደንብ አድንቁና፣ በረካውን ጠጥታችሁ፣ ከአልጋ ሥር ያለውን ጠይቁ።