ዶክተርን የሚመክሩ

ላንጋኖ ዳር ቅዳሜ ከሰዓት «ዶክተር» ተብሎ መጠራት ጣጣ አለው። ውኃው ቡናማ ቢሆንም «ቢልሃርዚያ የለበትም» እየተባለ ሁሉም ይዋኝበታል፤ ዶክተሩ ግን እግሩን ሳያርስ ይከበባል። አንዱ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ያሳየዋል፤ ሌላዋ ከስልኳ የእናቷን ራጅ ታወጣለታለች።

በነጻ የታከመ ደግሞ በነጻ ይመክራል። «ዶክተር፣ እስከ መቼ በደመወዝ? ኦፕራሲዮኑን ተወውና እዚሁ ዳር ሎጅ ሥራ።» መሬቱን የሚያገናኘው ደላላ፣ እንዳጋጣሚ፣ የመካሪው ዘመድ ነው። ቢራው ሲደጋገም ሎጁ ተሠርቶ ያልቅና ዶክተሩ ፓርላማ ይገባል። ከለንደን ለዕረፍት የመጣው ወዳጃቸው የአገር ቤቱ ስለሚያንስበት ለእንግሊዝ ፓርላማ ያጨዋል፤ «ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሱናክስ የሕንድ ዘር አይደለም እንዴ?» ይላል። ሊዝ ትረስ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላት ከጠቅላይ ሚኒስትርነት መሰናበቷን የሚያነሳ የለም። እዚህ ለሎጅ ካርታ ደጅ የሚጠናው ከዚያ በላይ ነው።

ምክሩን ሁሉ ማንም ሳይመክራቸው የፈጸሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው። ሕፃን ሳሉ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ወሰዳቸው፤ ሕንድ አድገው፣ ሕክምና ተምረው፣ በርማ ሠርተው ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸው ገቡ። አከሙ፣ ነገዱ፣ የጣናን ግድብ ጉዳይ ይዘው አሜሪካ ተላኩ፣ ጨርጨርን ገዙ። ጣሊያን ሲወረን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ የእንግሊዝን ሹማምንትና ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ተሟገቱት። ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1938 ለጣሊያን ወረራ እውቅና ሰጠች። የቀዶ ጥገና ሊቁ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስም በ1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሩ፤ ታሰሩ፤ ሕመም ጠንቶባቸው በ1991 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ይህን የላንጋኖ መካሪዎች ያውቁታል፤ ስለዚህ ራሳቸው ፖለቲካ አይገቡም፤ ሰው ነው የሚያስገቡት።

ሰኞ ጠዋት ያው መካሪ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ቆሞ፣ «ምነው ስፔሻሊስት ጠፋ? ሐኪሙ ሁሉ ነጋዴ ሆነ!» እያለ ያማርራል። ጌታዬ፣ በርስዎ ምክር ነው እኮ የሄደው።